ወንበሩ ግንብ የሆነበት ዓመት

ደጋፊው ይህን ተጫዋች «ወንበሩ» ያለው ከተቀያሪ ወንበር ስለማይጠፋ ነው። አሰልጣኝ ይመጣል፣ አሰልጣኝ ይሄዳል፤ እሱ ግን ከዚያች የፕላስቲክ ወንበር አይነሳም። አስር ዓመት ገደማ በአንድ ክለብ ማሊያ ሲኖር ሙሉ ጨዋታ የተጫወተባቸውን ቀናት ሰው በጣቱ ይቆጥርለት ነበር። ቁመቱ የመብራት ምሰሶ ያህላል፤ እግሩ ግን ከባድ ነው። «ይሄ ሰውዬ ከመዞሩ በፊት ፍሬቻ ማሳየት አለበት» ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ታላቅ ወንድሙ ጎሚስታ ነው። አባታቸው በጊዜ ስለሞተ ያሳደገው እሱ ነው፤ የመጀመሪያ ታኬታውን እግሩ ላይ ያሰረለትም እሱ። ከስታዲየሙ ጀርባ ያለችው ሱቁ የደጋፊ መዋያ ናት። ጎማ የሚያስጠግነውም ሥራ ያጣውም እዚያች በር ላይ ይቆማል። ግድግዳው ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ተሰቅላለች፤ ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ድምጿ አይሰማም። ወሬው ወደ ወንበሩ የዞረ እንደሆነ ጎሚስታው የያዘውን ጎማ ውሃው ውስጥ ይደፍቅና አረፋ የሚያወጣውን ቀዳዳ ፍለጋ አንገቱን ይደፋል። አንዱ ነገረኛ «ወንድምህ አይደለም እንዴ?» ካለው ደግሞ፣

«ወንድሜስ ወንድሜ ነው፤ ያሳደግኩት ግን እኔ አይደለሁም» ይላል።

ሰው ይስቃል። ማን እንዳሳደገው የማያውቅ በሰፈሩ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ቡድኑ እንደሚወርድ ውድድሩ ሳይጀመር ሁሉም ተስማምቶ ጨርሷል። ደህና ደህናዎቹ ተጫዋቾች ወደ ሌላ ክለብ ሄደዋል። የቀሩት ወይ ገና ጺም ያላወጡ ናቸው፣ ወይ ጉልበታቸውን በፋሻ ጠቅልለው የሚሮጡ። የራዲዮው ስፖርት አዋቂ «የመጨረሻውን ቦታ ለማን እንስጥ ብለን አንጨነቅም፤ ባለቤቱ ታውቋል» ብሎ ነበር። ይባስ ብሎ ውድድሩ በተጀመረ ሰሞን ዋናው መሃል ተከላካይ ቅልጥሙ ተሰብሮ በቃሬዛ ወጣ። አሰልጣኙ ዞር ብሎ ወንበሩን አየው። ሌላ የሚያየው ሰው አልነበረውም።

ወንበሩ ገባ። ከደጋፊው መቀመጫ አንዱ «በሉ ቻው፣ ታችኛው ሊግ እንገናኝ» አለ።

ያን ቀን ግብ አልገባባቸውም። ሰው «ዕድል ነው» አለ። በሚቀጥለው ሳምንትም አልገባባቸውም፤ አሁንም «ዕድል ነው» አለ፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ። ቀጥሎ በመጣው ጨዋታ የማዕዘን ምት ሲሻማ ወንበሩ ከመሃል ሜዳ እንደ ጭነት መኪና እየተንደረደረ መጣና ከሰው ሁሉ በላይ ተነስቶ ኳሷን በግንባሩ ገጭቶ መረቡ ውስጥ ከተታት። እሱ ራሱ የደነገጠ ይመስል ነበር። እጁን አነሳና ማንን እንደሚያቅፍ ግራ ገብቶት ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ተረት ነው። እግሩ ያው ከባድ ነው፤ ግን አስር ዓመት ቁጭ ብሎ ጨዋታ ሲያይ የከረመ ሰው ኳስ የት እንደምትወድቅ ያውቃል ለካ። ከላይ የምትመጣ ኳስ ሁሉ የሱ ሆነች። ጺም ያላወጡት ልጆች እሱን እያዩ ልብ አገኙ፤ ያረጁትም ፋሻቸውን ረሱ። ከወራጅ ቀጠና ወጡ፣ ወደ መሃል መጡ፣ ከዚያም ሰው ሰንጠረዡን ከታች ሳይሆን ከላይ ማንበብ ጀመረ። አንድ ቀን ከስታዲየሙ አንድ ጥግ «ግንቡ! ግንቡ!» የሚል ዜማ ተነሳ። በሳምንቱ ሁሉም ይዘፍነው ነበር። ወንበሩ የሚለው ስም ውሃ እንደወሰደው ቀረ።

ጎሚስታው ሱቅ ቦታ አይበቃም ነበር። የወንድሙን ፎቶ ከቴሌቪዥኗ ጎን ሰቀለ። አሁን ሰው ሳይጠይቀው «እኔ ነኝ ያሳደግኩት» ይላል፤ ጎማ ሊያስነፋ ለቆመ ለማያውቀው ሹፌር ሁሉ።

የግንቡ ሚስት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ኮሌታ የሚሰፋበት ክፍል ትሠራለች። እሷም ደስ ብሏታል፤ ደስታዋን አትደብቅም። ድሮ «ባልሽ ዛሬም አልገባም?» እያሉ ከንፈር የሚመጡላት ሴቶች አሁን ምሳ ሰዓት ላይ ቦታ ይለቁላታል። እቤት ደግሞ ባሏ ተለውጧል። በሩን ሲከፍት ያፏጫል። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባችውን ልጃቸውን ትከሻው ላይ ጭኖ በጠባቧ ሳሎን ሲዞር የልጅቷ ራስ አምፖሉን ይነካዋል። እሷ «አምፖሉን» ስትል እሱ «ሌላ እንገዛለን» ይላል።

ነገሩ የተበላሸው በውድድሩ አጋማሽ ነው። የማዕዘን ምት ነበር። እሱና የተቃራኒው ቡድን አጥቂ ለአንድ ኳስ ዘለሉ። ኳሷን ሁለቱም አላገኟትም፤ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተገናኙ። ድምፁ፣ ጣውላ ጣውላን ሲመታ የሚሰማው ዓይነት፣ እስከ ላይኛው መቀመጫ ደረሰ። አጥቂው ቅንድቡ ተሰንጥቆ ወጣ። ግንቡ በጀርባው ተዘርግቶ ሰማዩን ያያል። የቡድኑ ወጌሻ፣ ሸምገል ያለ ሰው፣ እየሮጠ ደርሶ ውሃ አፈሰሰበትና ጣቶቹን አሳየው።

«ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«በል ተነስ።»

ተነሳ። ስታዲየሙ ተናወጠ። ደም ያልታየበት ሰው ምን ይሆናል? ጨዋታውን ጨርሶ አሸንፈው ወጡ።

እቤት ገብቶ የጫማውን ክር እየፈታ ሚስቱን «ስንት ለስንት ወጣን?» አላት።

ሳቀች። «አንተ ተጫውተህ እኔን ትጠይቃለህ?»

እሱም ሳቀ። ከዚያ ክሩን እንደያዘ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነቴን ነው» አላት።

ነገረችው። «አዎ፣ አዎ» አለ፣ ያስታወሰ ለመምሰል።

ከዚያን ቀን ወዲህ መጋረጃ አይከፈት ይላል። ብርሃን ዓይኑን እንደ መርፌ ይወጋዋል። የሚስቱ የስፌት መኪና በቀስታ ስትሽከረከር እንኳ ግንባሩን ይዞ ይወጣል። ሻይ ይጥድና ውሃው ተንኖ ማንቆርቆሪያው እስኪጠቁር ከፊቱ ቆሞ ያየዋል። በትንሽ ነገር ይቆጣል፤ ተቆጥቶ አያውቅም ነበር። ልምምድ ላይ ግን ማንም አላየበትም። እዚያ ሰውነቱ ራሱ ያውቃል፤ ኳስ ስትመጣ ይዘላል። በተመታ ቁጥር ለአፍታ ዓይኑ ይጨልማል፤ ያንን ለማንም አልተናገረም።

ውድድሩ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ አንድ ቀን ልጃቸውን ከትምህርት ቤት የማምጣት ተራው የሱ ነበር። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ደወለች፣ አያነሳም። ትምህርት ቤት ስትሮጥ ልጅቷን ዘበኛው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን አቅፋ አገኘቻት። ግቢው ጭር ብሏል። እጇን ይዛ ወደ ቤት ስትመለስ አንድ ነገር ጠርጥራ በሌላ መንገድ ታጠፈች። ባሏ ልጅቷ አምና ትማርበት የነበረው መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ቆሟል። በሩ ተቆልፏል። እሱ ግን በትዕግሥት፣ እንደ ማንኛውም አባት፣ አጥሩን ተደግፎ ይጠብቃል።

«ዛሬ አስረፈዷቸው» አላት ሲያያት። ከዚያ ልጅቷን ከጎኗ አየ፤ የለበሰችውን ዩኒፎርም አየ። ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ሚስቱ እስከ ዛሬ አትረሳውም። ልጅቷ «አባዬ፣ እዚህ እኮ አይደለሁም» አለችው።

በማግስቱ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ቀስ ብላ ጠየቀችው፣ በአንድ እግሩ አቆመችው፣ የጭንቅላት ራጅ አስነሳችው፤ ከዚያ ወንበሯን ወደሱ ሳብ አደረገች።

«ወንድሜ፣ አንጎልህ ተመትቷል። በእረፍት ሊድን ይችላል። ሳይድን ሌላ ምት ካገኘው ግን ምን እንደሚከተል እኔም አላውቅልህም። ኳስ በጭንቅላት መምታት ዘንድሮ የለም።»

«ጥቂት ጨዋታ ነው የቀረን» አለ።

«አንድም ቢቀር።»

እንደ ታዛዥ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ከሐኪም ቤት ሲወጡ ፀሐዩን በእጁ እየተከላከለ «እሺ፣ ይብቃ» አላት። እሷም አመነችው።

ያን ሳምንት ቡድኑ ያለሱ ተጫውቶ ክፉኛ ተሸነፈ። ዋንጫው እዚህ ደርሶ ከእጅ ሊያመልጥ ነው ተባለ። እሁድ ጠዋት ወንድሙ ጎሚስታው መጣ። ጥፍሩ ሥር የገባው የጎማ ጥቁረት ታጥቦም አይለቅም፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«እንዴት ነው ራስህ?»

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ።»

«ደህና ከሆንክ ምን ያስተኛሃል?»

ሚስትየው ከጓዳ ወጣች። «ጋሼ፣ ሐኪሟ ያለችውን ነግሬዎታለሁ።»

«ነግረሽኛል እህቴ። ሐኪም መቼ ነው ተነስና ሩጥ ብሎ የሚያውቀው? እኔ ወገቤን ካመመኝ ስንት ዓመቴ ነው፤ ጎማ ማንሳት ተው ብለውኝ ነበር። ትቼ ምን ልሁን?» ወደ ወንድሙ ዞረ። «አንድ ጊዜ ነው ቀን የሚወጣው። አስር ዓመት ስቀውብናል። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ስንቱን እንደዋጥኩት አታውቅም። አሁን ጥቂት ሲቀር እንተወው?»

«ስቀውብናል ነው ያሉት?» አለች። «የሳቁት በሱ ነው። እርስዎም ስቀዋል።»

ጎሚስታው ተነስቶ ወጣ።

ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ። እሱ መሬት መሬት እያየ፣ «ያኔ አብሬያቸው ስስቅ አይተሽኛል አይደል?» አላት።

«አይቻለሁ።»

«አንድ ቀን ስቄ አላውቅም።»

አቀፈችውና «አውቃለሁ» አለችው። ግን አታውቅም ነበር። አስር ዓመት አብራው ስትተኛ ስትነሳ አላወቀችም።

ረቡዕ ልምምድ መሄዱን የሰማችው ከፋብሪካ ጓደኞቿ ነው። ከሥራ አስፈቅዳ ወደ ልምምድ ሜዳው ሄደች። አሰልጣኙ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ በትህትና ሰማት።

«እህቴ፣ ያስገደደው ሰው የለም። ራሱ ነው የመጣው። ደግሞ ተነጋግረናል፤ ኳስ በጭንቅላቱ አይነካም፣ ቆሞ ልጆቹን ይመራል፣ በቃ።»

«መሃል ተከላካይ ኳስ በጭንቅላቱ ካልነካ ምን ሊያደርግ ይገባል?»

አሰልጣኙ ወደ ሜዳው አየ። «ልጅሽም ነገ በአባቷ ትኮራለች» አለ።

«ልጄ አባቷን ነው የምትፈልገው» አለችና ጥላው ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ወጌሻው የመድኃኒት ሳጥኑን እንደያዘ ተከተላት።

«ልጄ፣ እኔ አይቻለሁ። ያን ቀን ጣቴን ሳሳየው ዓይኑ ጣቴ ላይ አልነበረም። ሁለት ያለኝ ሁልጊዜ ሁለት ስለማሳይ ነው። ብናገር ግን በነጋታው ሌላ ወጌሻ ያመጣሉ።»

«ያምጡ እንግዲህ» አለችው። «እርስዎ ይናገሩና ያምጡ።»

ሽማግሌው ሳጥኑን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛውሮ ወደ ሜዳው ተመለሰ።

የመጨረሻው ጨዋታ ቀን አቻ ከወጡ ዋንጫው የነሱ ነው። ጠዋት ግንቡ ሸሚዙን ለብሶ ልጁን ሳመና በሩ ላይ ቆመ። ሚስቱ በሩን ልትቆልፍበት አስባ ነበር፤ ቁልፉም ኪሷ ውስጥ ነበር። ግን ሰላሳ ዓመት ያለፈው ሰው በቁልፍ ይያዛል? «ከመጣህ በኋላ ሌላ የለም» አለችው። «ሌላ የለም» አላት። ጨዋታውን ልታይ አልሄደችም። ራዲዮም አልከፈተችም፤ የጎረቤቱ ግን በግድግዳው አልፎ ይመጣል። ስሙ በተጠራ ቁጥር የያዘችውን ልብስ ትጨብጣለች። «ግንቡ በግንባሩ!» ይላል ሰውዬው። «አሁንም ግንቡ!» ኳስ እንደ ዝናብ ነበር የሚወርድባቸው። ሊያልቅ ሲል በረኛው ወጥቶ ባዶ የቀረ ግብ ላይ የተመታችውን ኳስ ግንቡ መስመሩ ላይ ቆሞ በግንባሩ መለሳት። ከዚያ ፊሽካው ተነፋ። ከተማው አንድ ላይ ጮኸ። ልጅቷ «እማዬ፣ አሸነፍን?» አለቻት። «አዎ» አለች።

ሜዳው በሰው ተሞላ። ጎሚስታው አጥር ዘሎ፣ ሰው እየገፋ ወንድሙ ጋ ደረሰና አንገቱ ሥር ገብቶ ተሸከመው። በሌላ በኩል ሌሎች ደገፉ። ግንቡ ከሰው ራስ ሁሉ በላይ ወጣ። መጀመሪያ እጁን ለሕዝቡ አውለብልቧል፤ ብዙ ሰው አይቶታል። ትንሽ እንደሄዱ ግንቡ አስታወከ፤ በወንድሙ አንገትና ትከሻ ላይ ወረደ። ጎሚስታው ሳቀ። «አይዞህ፣ ደስታ ነው!» አለው ወደ ላይ እየጮኸ። ትንሽ ተራመደ። ከዚያ ሸክሙ በድንገት ከበደው። ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው፤ ራሱን የያዘ ነገርና ራሱን የለቀቀ ነገር ሲለይ በትከሻው ያውቃል።

«አውርዱት» አለ። ማንም አልሰማውም። ድምፁን ዘፈኑ ዋጠው። «አውርዱት፣ አውርዱት ወንድሜን» እያለ በጉልበቱ ተንበረከከ።

ሐኪም ቤት ሚስትየው ስትደርስ ወደ ቀዶ ሕክምና አስገብተውታል። ጎሚስታው ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የክለቡ ሻርፕ አንገቱ ላይ ነው፣ ሸሚዙ አልታጠበም። አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች፤ ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ። መኪናዎች ክላክስ እያንባረቁ ያልፋሉ። ጥቂት ደጋፊዎች የሐኪም ቤቱ በር ድረስ መጥተው «ግንቡ! ግንቡ!» ሲሉ ጎሚስታው ተነስቶ ወጣ። ምን እንዳላቸው አይታወቅም፤ ዘፈኑ ግን ቆመ። ሲመለስ ሻርፑ አንገቱ ላይ አልነበረም።

ቀዶ ሐኪሙ አንጎሉ ላይ የፈሰሰውን ደም እንዳወጡ ነገራቸው። «ይተርፋል» አለ። «ምን ያህሉ እንደሚተርፍ ግን ጊዜ ነው የሚያሳየን።»

ከሐኪም ቤት ሲወጣ ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም፣ ቀኝ እግሩን ይጎትታል፣ ቃል ፍለጋ መሃል ላይ ይቆማል። ሚስቱን፣ ልጁን፣ ወንድሙን ያውቃል። የልጅነቱን ሰፈር በዝርዝር ያወራል። ያ ዓመት ግን የለም። ውድድሩ የተጀመረበትን፣ የመጀመሪያ ግቡን፣ ዋንጫውን፣ ስሙን ጠርቶ የሚዘፍነውን ሕዝብ፣ ሁሉንም ጉዳቱ እንደ ሰሌዳ ጠርጎበታል።

ጎሚስታው አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣ። ግቦቹን አሳየው፣ ያቺን መስመር ላይ የመለሳትን ኳስ አሳየው፣ ደጋግሞ። ግንቡ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ተመለከተ።

«እኔ ነኝ አይደል?»

«አንተ ነህ እንጂ።»

«ጥሩ ተጫውቻለሁ» አለ። ቀጥሎ ቃሉን እየፈለገ ቆየ። «ጋሼ... ደስ ብሎኝ ነበር?»

ጎሚስታው «በጣም» ሊል ጀምሮ ተወው። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ። ግንቡ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ንገሪኝ።»

አጠገቡ ተቀመጠች። «ደስ ብሎህ ነበር። ታመህም ነበር። ሁለቱም ነበሩ።»

«እሺ» አለ፣ ነገሩ የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ፤ ከዚያም ምሳ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀ።

አሰልጣኙን ትልቅ ክለብ ወሰደው፤ እሱም ለግንቡ ማሊያ ላይ ፈርሞ ላከለት። ወጌሻው ሥራውን ተወ፤ ለምን እንደተወ ለማንም አልተናገረም። ቡድኑ በሚቀጥለው ዓመት ወረደ። ደጋፊዎች ለተወሰነ ጊዜ ቤቱ ድረስ እየመጡ ከሱ ጋር ፎቶ ተነሱ። እሱ በትህትና ግራ እጁን ይሰጣቸውና «ማን ልበል?» ይላቸዋል። እነሱ ይስቃሉ፣ ቀልድ እየመሰላቸው። አንድ ቀን ሚስትየው በሩን ዘጋች፤ ከዚያ ወዲህ ብዙም የመጣ የለም።

ጎሚስታው ቴሌቪዥኗንም ፎቶውንም አውርዷል፤ ግድግዳው ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። የወንበሩንም የግንቡንም ወሬ ያነሳ ሰው ጎማውን ይዞ ወደ ሌላ ሱቅ ይሸኛል። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ዘግቶ ይመጣና ወንድሙን ክንዱን ደግፎ ወደ እንቅስቃሴ ሕክምና ይወስደዋል። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ሰው እያለፋቸው ይሄዳል። ሲመልሰው ከበሩ አይገባም። ሚስትየው «ይግቡ» ብላው አታውቅም።

በክረምቱ መጨረሻ ገደማ ወንድሙን አድርሶ እንደተለመደው ሊመለስ ሲል በሩ ላይ ቆመ። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«እህቴ፣ እኔ...»

«አሁን አይደለም፣ ጋሼ» አለችው። ድምፅዋ ክፉ አልነበረም፤ ደክሟት ነበር። «ነገ እኔ የጠዋት ተረኛ ነኝ። ቀደም ብለው ይምጡና ቁርሱን ያብሉልኝ። ሸሚዙን ራሱ ይቆልፍ፤ ቢዘገይም አያግዙት፣ ሐኪሟ እንደዚያ ብላለች።»

«አላግዘውም» አለ። ኮፍያውን አደረገና ወረደ።

እሷ ገብታ በሩን ዘጋች። ባሏ ከውስጥ «ማን ነበር?» አላት።

«ወንድምህ።»

«ለምን አይገባም?»

«ነገ ይገባል» አለችው፣ ጫማውን ልትፈታለት እየተንበረከከች።